እጃቸው ለምለም ነበር

ብዙዎቻችሁ እጀ ደረቅ በሚል ቅጽል የምታውቋቸው፣ አባታቸው ግን እጀ ለምለም ብለው የሰየሟቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እናት፣ ከከሰል ቆፋሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከማዕድኑ በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በሦስተኛው ረድፍ፣ መጨረሻ ላይ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ነው። በዚያ ሰፈር ነጭ ልብስ ውጭ አይሰጣም ነበር፤ ሳይደርቅ ይጠቁራል። እናታቸው የደምበኞቻቸውን ሸሚዝ ከአልጋው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ያደርቁ ስለነበር፣ ሕፃኗ ዐይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት የሰው እጅጌ ነው እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለድ ነበር።

እጀ ለምለም የተባሉበት ምክንያት ይህ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው የአባታቸው የሥራ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ስለረገበ፣ ደግፎ እንዲይዘው አንድ እንጨት ከጓሮ ቸከሉ። እንጨቱ በክረምቱ ቅጠል አወጣ። አባትየው ከሥራ ሲመለሱ፣ ፊታቸው ገና በከሰል እንደ ጠቆረ፣ ጎንበስ ብለው ቅጠሏን አዩና የዚች ልጅ እጅ ለምለም ነው ብለው ሣቁ። ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ላይ ካለው ስማቸው ይልቅ ይህኛው ጸና። እጀ ደረቅ የሚለው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እንዴት እንደመጣም ዛሬ ይነገራል።

ይህን ታሪክ የጻፈው አርባ ሦስት ዓመት አብሯቸው የኖረው ባለቤታቸው ነው። በሥራ ቦታ ሊሾ ይባላል፤ ዶዘር ነጂ ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ እሳቸው አንቱ፣ እሱ ግን አንተ ተብሎ የተጻፈው በስሕተት አይደለም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

እጀ ለምለም በ1958 ዓ.ም. ከማዕድኑ አጥር ጎን ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ነበር፤ ከሒሳብ ጋር ግን፣ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ተኳርፈው ነው የተለያዩት። የአባታቸው ደረት ታሞ ከጉድጓድ ሥራ ሲወጡ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለሦስት ዓመት እናታቸውን በስፌት ረዱ። ከዚያም ስለ ችግኝ አፈላል ለስድስት ወር የተሰጠ ሥልጠና ተከታትለው፣ በ1970 ዓ.ም. ማዕድኑ ባቋቋመው ችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ።

ጣቢያው ከሠራተኛው መታጠቢያ ቤት ኋላ ያለ ጠባብ ቦታ ነበር። አሥራ ሁለት መደብ፣ በደረቅ ሣር የተሠራ ጥላ፣ ቢዘጓትም የምትንጠባጠብ አንዲት ቧንቧ። የሚፈላው ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸውሸዌ። ከሰሉ ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው ጉድጓድ፣ መጀመሪያ ከላዩ በተገፈፈው አፈርና ድንጋይ ተመልሶ ይሞላል። ግን መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወደ ሰው ቤት ይወርዳል። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ከተተከለበት ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያለብሳል፣ ቀስ እያለ ሌላውም ዛፍ በጥላው ሥር ይመጣል። እጀ ለምለም ይህን ከሥልጠናው በፊት ያውቁት ነበር፤ በልጅነታቸው ከተገፈፈው አፈር ክምር የወረደ ጭቃ ቤታቸው ገብቶ የእናታቸውን የስፌት መኪና እስከ መርገጫው ቀብሮታል። ሥራውን የያዙት ለእንጀራ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከሊሾ ጋር የተዋወቁት በ1972 ዓ.ም. ነው። ሊሾ ዶዘሩን ወደ ኋላ ሲያስኬድ የጣቢያውን አጥር ደርምሶ ሁለት መደብ ችግኝ ላይ ወጣ። እጀ ለምለም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከማሽኑ ፊት ቆሙ። ማሽኑ ባለ ሰንሰለት፣ ቤት የሚያክል ነበር፤ ሊሾ ግን የፈራው እሳቸውን ነው። አጥሩን ጠግን ብለው አላለፉትም፤ የተረፉትን ችግኞች አንድ በአንድ ወደ አዲስ ላስቲክ እንዲያዛውር አደረጉት። አንዱን በግንዱ ይዞ ሲያነሣ ቢያዩት፣ ልጅ በአንገቱ ይነሣል እንዴ ብለው ተቆጡት። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በአራተኛው ቅዳሜ የቀረ ሥራ አልነበረም፤ እሱ ግን መጣ።

በ1973 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በጥር ወር 1976 ዓ.ም. ደግሞ ሴት ልጃቸው ተወለደች። ሊሾ የተባለው ሥራው እንደ ሲሚንቶ ወለል ልሙጥ ስለሆነ ነው። ልማዱ ቤት ውስጥም አያስቀምጠውም ነበር፤ አንሶላው ካልተወጠረ አይተኛም፣ ስኳሩን በማንኪያ ጀርባ ሳያስተካክል ዕቃውን አይከድንም። እጀ ለምለም ሆን ብለው መሀሉን ጎድጎድ አድርገው ይተዉለት ነበር። ይህ የሁለቱ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። የጽሑፉ ባለቤት እስከዚህ ድረስ የጻፈው በአንድ ጠዋት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶበታል።

በ1975 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጉድጓድ ከሰሉ አልቆ ተዘጋ። ሊሾ ሞልቶ ደለደለው። በዶዘሩ ምላጭ ገፈፈው፣ በሰንሰለቱ ተመላለሰበት፣ እንደገና ገፈፈው። ሲጨርስ ውሃ ቢደፋበት ወዴት እንደሚፈስ ግራ የሚገባው መሬት ሆነ። የመሬት ማገገሚያው ኃላፊ ኢንጂነር ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም አለ፤ ሊሾም የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ። ሰዓቱ ዛሬም ከቤታቸው ሳሎን፣ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። እጀ ለምለም በዚያ ቀን ከሁሉ አስቀድመው ያጨበጨቡ ሰው ናቸው።

በሐምሌ ወር አሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ በዚያ መሬት ላይ ተተከለ። እጀ ለምለም ልጃቸውን አርግዘው ስለነበር ጎንበስ ሲሉ ያማቸው ነበር፤ ቢሆንም በእጃቸው ያላለፈ ችግኝ የለም። ክረምቱ እስኪወጣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። በኅዳር ቢጫ ሆነ። በጥር፣ እሳቸው አራስ ሳሉ፣ አሥራ ሁለት ሺሁም ደርቆ ቆመ። በ1976 ክረምት እንደገና አፈሉ፣ እንደገና ተተከለ፣ እንደገና ደረቀ። የደረቀው ሲነቀል ሥሩ ከተተከለበት ጉድጓድ አልወጣም፤ እዚያው ተጠምጥሞ ቀርቷል።

ኢንጂነሩ ዘሩን ጠረጠረ፣ ከዚያ ውሃውን፣ በመጨረሻ ሰውን። መሬቱንማ ማን ይጠረጥራል? ተሸልሞበታል። ከመታጠቢያ ቤቱ ወረፋ ላይ አንዱ አፈኛ እጀ ደረቅ የሚለውን ስም ወረወረ፤ ተሳቀ፤ ስሙም ያዘ። እጀ ለምለም ሲሰሙ አብረው ሣቁ። ቤት ሲገቡ ግን እጃቸውን ገልብጠው ገልብጠው ያዩት እንደነበር ሊሾ ያስታውሳል። አይዞሽ፣ ዘንድሮ ይሆናል ይላቸው ነበር።

በየካቲት ወር 1977 ዓ.ም. ሊሾ ማሽኑ ላይ የሚገጠም አንድ የቆየ ዕቃ ፍለጋ ወደ መሬቱ ሰሜናዊ ጥግ ሄደ። ያ ጥግ ከአንድ ጉብታ ኋላ ነው፤ ሰው አይደርስበትም። ሊሾ መሬቱን ሲደለድል እዚያ ላይ ሰንሰለቱ ተበጥሶበት ነበር፤ ሃያ እርምጃ በሠላሳ የሚሆን ቦታ ክምሩ እንደ ተገለበጠ ሳይነካ ቀርቷል። እሱ ግን ተጠናቋል ብሎ ፈርሟል። ጉብታውን ዞር ብሎ ሲያይ፣ በዚያ ባልተነካ ክምር መሀል ሸውሸዌዎች ቆመዋል፤ ትከሻው ላይ የሚደርሱ፣ ነፋሱ የሚያወዛውዛቸው። እጀ ለምለም በመጀመሪያው ክረምት፣ ደካማ ናቸው ተብለው የተለዩትን ችግኞች መጣል አላስችል ብሏቸው፣ ማንም ሳያያቸው እዚያ ሄደው ተክለዋቸው ኖሯል። ከዚያ እርግዝናው ከበደ፣ ልጅ መጣች፤ ከሌላው ጋር ደርቀዋል ብለው ተመልሰውም አላዩአቸው።

ሊሾ እጁን አፈሩ ውስጥ ቢሰድ እስከ ክርኑ ገባ። ተመልሶ ወደ ተደለደለው መሬት ሄዶ በጣቱ ቢወጋ ጥፍሩ ተሰበረ። ሰው ሞኝ ቢሆን እንኳ በዚህ ጊዜ ይገባዋል። የእጀ ለምለም እጅ አንዳች እንከን አልነበረበትም። ችግኞቹን የገደለው ሥሮቻቸው እንዳያልፉ አድርጎ መሬቱን የጠቀጠቀው፣ የተሸለመበት፣ የኮራበት የሊሾ እጅ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መሬቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ጥጉን ካዩ ያልጨረሰውን ጨርሻለሁ ብሎ መፈረሙ ይወጣል፤ ዛፎቹን ካዩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይወጣል። ሊሾ ቅዳሜ ዕለት ዶዘሩን አስነሣ። ዛፎቹን ቆጥሯቸዋል፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። ምላጩን አውርዶ ጥጉን እንደ ሌላው አደረገው። ሲጨርስ ከማሽኑ ወርዶ እጁን ታጠበ፣ ቤቱ ገባ፤ እጀ ለምለም ምሳ አቅርበው ልጃቸውን በጭናቸው ይዘው ጠበቁት። ዐይኑን በጨው አጥቦ በላ።

እንግዶቹ መጥተው አድንቀው ሄዱ። የሦስተኛው ዓመት ችግኝ በሐምሌ ተተከለ፣ በጥር ደረቀ። በመጋቢት ወር 1978 ዓ.ም. እጀ ለምለም ከችግኝ ጣቢያው ተነሥተው የሠራተኛ ልብስ ወደሚታጠብበት ክፍል ተዛወሩ። ቁልፉን ሲያስረክቡ ቧንቧዋን በጨርቅ ጠምጥመው እንዳትንጠባጠብ አስረዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጠል ያለበት ነገር መንካት ተዉ። ጎረቤት አንድ ቆርቆሮ አበባ አደራ ሰጥታቸው ብትሄድ፣ ውሃውን የምታጠጣው ልጃቸው ነበረች፤ እሳቸው ራቅ ብለው ቆመው ይበቃል ይሏታል። ሊሾ ይህን ሁሉ ዐይኑ እያየ ስድስት ዓመት ዝም አለ። ዛሬ ነገ እያለ ቆየ የሚል ማመካኛ አያቀርብም። ፈራ። ስሙ እንዳይጠፋ የእሳቸው ጠፍቶ እንዲቀር ፈቀደ፤ ይኸው ነው።

በየካቲት ወር 1983 ዓ.ም. እጀ ለምለም ሁለተኛ ልጃቸውን በስምንት ወሩ ወለዱ። ወንድ ነበር፤ ትንፋሽ አልነበረውም። የሆስፒታሉ ክፍል እስከ ግማሹ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ አራት አልጋ ያለበት ነበር፤ በሦስቱ ሕፃን ያለቅሳል። ሊሾ ጫማቸውን በላስቲክ ይዞ ከአልጋው አጠገብ ቆመ። እጀ ለምለም እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ደረታቸው ላይ አኖሩና እንዲህ አሉ፦

«እኔ የነካሁት ነገር አይበቅልም።»

ሊሾ አፉን ከፈተ። መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ያለው ግን ውሃ ላምጣልሽ የሚል ነው። ሄዶ ውሃ አመጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊሾ የምንለው ሰው እንደ ሰው እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም፤ ይህንንም የሚጽፈው እንዲታዘንለት አይደለም።

የነገራቸው በሰኔ ወር፣ እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። የታጠበ ልብስ ያጥፉ ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ የተበጠሰውን ሰንሰለት፣ ፊርማውን፣ ጥጉን፣ ዶዘሩን። እጀ ለምለም አልጮኹም፣ አላለቀሱም፤ የያዙትን ሸሚዝ አጥፈው ጨርሰው ሌላ አነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አላናገሩትም። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ የሽልማት ሰዓት እንደ ወትሮው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ቃል ብቻ የለም። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ በሁለቱ መሀል መልእክት ታመላልሳለች። በሃያኛው ቀን ቁርስ ላይ ቀና ብለው አዩትና ጠየቁት፦

«ስንት ነበሩ?»

ሠላሳ አንድ አላቸው።

«እንግዲያው ሠላሳ አንድ ጉድጓድ ትቆፍርልኛለህ።»

በሐምሌ ወር ሊሾ በዚያ ጥግ በደጅኖ ቆፈረ። በማሽን የጠቀጠቀውን መሬት በእጅ ማፍረስ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቆፈረው ብቻ ነው፤ ሦስት እሑድ ፈጀበት፣ መዳፉም ተላጠ። እጀ ለምለም ከጣቢያው እንደገና ተለይተው የተጣሉ ደካማ ሸውሸዌዎችን በቅርጫት ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ችግኝ ከማስገባታቸው በፊት እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ለረጅም ጊዜ ቁጭ አሉ። ከዚያ አስገቡት። ሊሾ እንደ ልማዱ አፈሩን መልሶ በእግሩ ሊደፍነው ሲል፣ እግሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን አደረጉት። እያንዳንዱን ጓል በጣታቸው ፈርፍረው፣ ልቅ አድርገው፣ ሠላሳ አንዱንም ራሳቸው አለበሱ። ሊሾ ቆሞ አየ።

ሠላሳ አንዱም በቀሉ። በሁለት ዓመት የሰው ቁመት አለፉ። በ1985 ዓ.ም. ኢንጂነሩ በሩቅ አይቶ መጥቶ አፉን ይዞ ቀረ። እጀ ለምለም መሬቱ ጠንክሮ ነበር፣ ስናላላው በቀለ ብቻ አሉት። ማን እንዳጠነከረው አልተናገሩም። በተከታዩ ዓመት ከዶዘሩ ኋላ መሬት የሚሰነጥቅ ትልቅ ጥርስ ተገጠመ፤ ሊሾ የደለደለውን ሁሉ መልሶ አረሰው፤ እጀ ለምለምም ወደ ችግኝ ጣቢያው ተመለሱ። በ1990 ዓ.ም. ማዕድኑ ደግሞ ለሊሾ መሬት በማላላት ሁለተኛ የምስክር ወረቀት ሰጠው። መሬት በማጠንከር የተሸለመ፣ መሬት በማላላትም የተሸለመ ከእሱ ሌላ ሰው ያለ አይመስልም። እጀ ለምለም ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው አጨበጨቡ። የደን ማልማቱ ምስጋና ለማሽኑ ሄደ፤ እጀ ደረቅ የሚለው ስም ግን የለመደበት አፍ ላይ ቀረ። እንደ ቀልድ ነበር የሚባለው፤ እሳቸውም አቤት ይሉ ነበር።

በዚያ ቀን ሊሾ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ነገ ሠራተኛው ፊት ቆሜ እናገራለሁ አላቸው። እጀ ለምለም ከለከሉት። «በአንድ ቤት የአንዳችን ስም መጥፋቱ ይበቃል» አሉት፤ ልጅቷ የአባቷን ስም ይዛ ነው ትምህርት ቤት የምትውለው። ደግሞም እኔ ካወቅሁት በቂዬ ነው ብለው ስኳሩን መሀሉን ጎድጎድ አደረጉና ከደኑት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት መልካም ነበሩ፤ ይህም መነገር አለበት። እጀ ለምለም እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ፣ አራት የተዘጉ ጉድጓዶችን በዛፍ አልብሰዋል። ከእሳቸው መደብ ያልወጣ ዛፍ በዚያ አካባቢ ማግኘት ይቸግራል። ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ በጥላ ሥር ያለፋችሁት መንገድ፣ ድሮ ጥቁር ጭቃ ይወርድበት የነበረው ነው። ነፋስ ሲነሣ ሸውሸዌዎቹ ያፏጫሉ፤ እሳቸው ደግሞ ያዙኝ ልቀቁኝ አትበሉ ይሏቸው ነበር። ልጃቸው ተምራ መምህርት ሆነች፤ አንዲት የልጅ ልጅም አዩ። ልጅቷን ችግኝ ስታነሣ በአንገቱ እንዳትይዝ መጀመሪያ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና ይመላለሱ ነበር። መርፌው ያሳበጠውን ክንዳቸውን ለሐኪሟ እየሰጡ እጄን ግን አደራ ይሏት ነበር። በዚህ ዓመት በየካቲት ሕመማቸው ጸንቶ ሆስፒታል ተኙ። ሊጠይቋቸው ከመጡት አንዷ የድሮ ባልደረባ፣ በፍቅር ነው፣ እጀ ደረቅ እንዴት ዋልሽ አለቻቸው። ፈገግ ብለው ደህና አሉ። ሊሾ ግን ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሴትዮዋ ስትሄድ ተመልሶ፣ ከእንግዲህ አልችልም፣ ልናገር ብሎ ለመናቸው። በእጃቸው እንዲቀመጥ ምልክት ሰጡት። ከዚያም እንዲህ አሉት፦

«እኔ ከሄድኩ በኋላ እንደ ፈለግህ። ግን አሳጥረው፤ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው።»

እጀ ለምለም በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅና አንድ ታላቅ ወንድም ትተዋል። ትንፋሽ ሳያገኝ ያለፈውን ልጃቸውንም በዚህ ወረቀት ላይ እንዲቆጠርላቸው ባለቤታቸው ይፈልጋል። እጃቸው ምንም አላደረገውም።

ይህን ጽሑፍ የተየበችው ልጃቸው ናት፤ አሁንም የምታነብላችሁ እሷ ናት። የሆነውን ያወቀችው ስትተይብ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አባቷን አላናገረችውም። እናቷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ እሷም የፈለገችውን ያህል ይፍጅባት። ከጽሑፉ አንድም ቃል አላጠፋችም፤ የእናቷ ልጅ ናት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሊሾ ቤት ገብቶ የስኳሩን ዕቃ ከፈተ። መሀሉ ጎድጎድ ብሏል። እንደ ነበረ መልሶ ከድኖታል፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳያስተካክለው።

እሳቸው አሳጥረው ብለው ነበር፤ ረዝሟል፤ ይቅር በሉት። የቀረችው አንዲት ልመና ናት። ሊሾ ዛሬ አካፋ አይዝም፤ በዚህ ጉዳይ እጁን አያምነውም። አካፋ የያዛችሁ ወንድሞች ግን እባካችሁ አፈሩን አትጠቅጥቁት። በአካፋ ጀርባ አትምቱት፣ በእግር አትርገጡት፣ በሲሚንቶም አይለሰን። ጎርበጥ ብሎ ይቅር፤ ሌላውን ዝናቡ ያውቅበታል። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው ብለን ፈጣሪን ከመለመናችን በፊት፣ እሳቸው ለሠላሳ አንዱ እንዳደረጉት፣ እኛም ጓሉን በእጃችን ፈርፍረን፣ ልቅ አድርገን እናልብሳቸው።